ውሃው የቀላ ለት

ጥሩሐረግ ውሃ መረዘች የሚል ሰው እኔ ቤት ጠላ አይጠጣም። አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ገና ጣሳውን ሳያጋምስ «ያቺ ጉድጓድ የመረዘችው አስተማሪ የት ደረሰች?» ቢል ጣሳዬን ከእጁ ተቀብዬ በሩን አሳየሁት። የሰቆጣ ሰው ወሬ ሲወድ! ያላየውን ያወራል፣ ያየውን ይክዳል። እኔ ታይቱ ግን አይቻለሁ። እንዲያውም ያን ሁሉ ጦስ የጠራሁት በገዛ አፌ ነው፤ እሱንም አልደብቅም።

ጥሩሐረግ የታች ሰፈር ልጅ ናት፤ ከኔ ቤት አራት በር ወዲያ። አባቷ በሕፃንነቷ ሞተ። እናቷ እማሆይ አመተ ሥላሴ መነኮሱ፣ ዓይናቸውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ልጅቱ ተምራ የባዮሎጂ አስተማሪ ስትሆን ትልቅ ከተማ መቅረት ትችል ነበር፤ እናቴን ማን ይመራታል ብላ እዚሁ የተማረችበት ትምህርት ቤት ገባች። ጠዋት እማሆይን እጃቸውን ይዛ ኪዳን አድርሳ፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ትሮጣለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የዛቱባት በዚሁ ነው።

የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በጦርነቱ ጊዜ ተጠርጎ ሄደ። ማይክሮስኮፑ፣ ብልቃጡ፣ ጠረጴዛው፣ በሩ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ስንቱ በመኪና እየመጣ ባዶውን ክፍል ፎቶ አንሥቶ ተመለሰ! ለፎቶው ከሚደክሙ አንድ አጉሊ መነጽር ይዘው ቢመጡ ምን ነበር? አንድ ቀን ጥሩሐረግ ከትምህርት ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሎ እኔ ቤት ገባችና ቁጭ አለች።

«ምነው ልጄ፣ ማን ነካሽ?» አልኳት።

«ማይክሮስኮፕ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው፣ እትዬ ታይቱ። አንዱ ልጅ ‹ቲቸር፣ ምን ያህላል?› አለኝ። በእጄ ይሄን ያህላል ብዬ አሳየሁት። እስቲ ይሄ ትምህርት ነው? የዓሣ ሥዕል አሳይቶ ምሳ በላችሁ እንደ ማለት አይደለም?»

እንዲህ ብላ ስታበቃ የጋኔ ድምፅ ተሰማት። ጥንስሱ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠጋች። «ይሄ ምን እያለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምን ይላል፣ እየተነሣ ነዋ!» አልኳት። ብድግ ብላ ሳመችኝና ወጣች። አበደች ብዬ ነበር።

በቅዳሜው አርባ ሁለት ልጅ አስከትላ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ከሠርግ ቤት የተረፈ ፊኛ ይዛለች። ጥንስሴን በባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ ፊኛውን አፉ ላይ አሰረችው። እኛ ስናወራ ፊኛው ቀስ እያለ ቀና፣ ቀና፣ ከዚያ ተወጠረ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮህኩ፣ ለምን እዋሻለሁ! ሠላሳ ዓመት ጠላ ስጠምቅ ጥንስሴ እንደሚተነፍስ አላወቅሁም ነበር። በዓይን የማይታዩ ነፍስ ያላቸው ነገሮች ስኳሩን እየበሉ የሚያወጡት አየር ነው አለች። ስሙንም ነገረችኝ፤ ካርቦን ዳይ ምናምን ነው። ልጆቹ ደግሞ ይጠይቁኛል፤ ብዙ ጌሾ ብትጨምሪስ፣ ብርድ ሲሆንስ፣ ጋኑ ካልታጠነስ? የማውቀው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወሬው ሰኞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ምን ተብሎ? «ተማሪ ጠላ ቤት አስገባች» ተብሎ! ርእሰ መምህሩ ጠርቶ «ከዕቅድ ውጪ ነው» አላት። ድንቄም ዕቅድ! በሌለ ማይክሮስኮፕ ማስተማር ዕቅድ ነው፣ ባለ ጋን ማስተማር ብልግና ነው።

እሷ ግን አልተወችም። መሪጌታ አሥራተ ማርያም ዘንድ ወስዳ በጥላ ሰዓት መቁጠር አሳየቻቸው። መሪጌታ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው ይለካሉ፤ ወሩን ያሰላሉና ሰዓቱን ይነግሩሃል። ልጆቹ በስልካቸው አመሳክረው ጉድ አሉ። ከዚያ በዚያው ጥላ የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን ጽድ ቁመት፣ ዛፉ ላይ ሳይወጡ፣ ለኩት። መሪጌታ ደስ ብሏቸው «እኛ ለጾም መፍቻ ብቻ ይመስለን ነበር» አሉ።

ከልጆቹ መስታወት የምትባል የፃግብጂ ልጅ ነበረች። ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከሀገሯ እያመላለሰች የምትማር። አፏን የፈታችው በኽምጣና፣ በአገዎቹ ቋንቋ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ አማርኛዬን ይስቁብኛል ትላለች። አስተማሪዎቹም ደንቆሮ ናት ብለው ጥለዋታል። ጥሩሐረግ ኽምጣናውን ከእናቷ ስለምታውቅ እኔ ግቢ ውስጥ «በፈለግሽው ተናገሪ» አለቻት። እሰይ! ያቺ ዝምተኛ አፏ ተከፍቶ አልዘጋ አለ። አሁን ወደምነግራችሁ ነገር ያገባን የሷ ጥያቄ ነው።

ጥያቄዋ እንዲህ ነበር። እሷ የተከራየችበት ግቢ ሰው፣ ከሰፈሩ ጉድጓድ የሚቀዳው ሁሉ፣ ባለፈው ክረምት ሆዱን ታሟል፤ ከላይ ከዳገቱ ምንጭ የሚቀዱት ግን ደኅና ናቸው። ለምን?

ጉድጓዱን ልንገራችሁ። የሰፈራችን ሰዎች በገዛ ዶማቸው የቆፈሩት የድሮ ጉድጓድ ነው። የቧንቧው ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴም ይስላል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ የምንኖረው በጉድጓዱ ነው። ጠላዬም በሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ከጉድጓዱ በላይ ባለ ስድስት በር የጋራ ሽንት ቤት ሠራ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ከውሃው በላይ አይሆንም፣ ወደ ታች አውርዱት» ብለው ነበር። «ባለሙያ አጥንቶታል» ተባሉ። ያጠናው ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲሆን ለእንግዳ ከመንገድ ይታያል! ሪባን ቆረጡ፣ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄን ይቁረጠው።

ጥሩሐረግ ልጆቹን በየቤቱ ላከች። ሠላሳ አንድ ቤት ዞሩ። እኔ ግቢ መሬት ላይ ሰፈሩን በጠጠር ሠሩት፤ በክረምቱ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ጥቁር ጠጠር፣ ጤነኛው ነጭ። ሲጨርሱ ቆመን አየነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ጥቁር ብቻ። ከምንጩ የሚቀዱት ነጭ። የኔም ቤት ጥቁር ጠጠር ተቀምጦበታል።

«የኔን አንሡት፣ የኔ ምች ነው!» አልኩ።

ሌላ ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ጥሩሐረግ አልሳቀችም። «ይሁን፣ ምች ነው እንበል። ታዲያ ምቹ ከምንጭ የሚቀዱትን እየመረጠ የዘለላቸው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ጠጠሬን እዚያው ተውኩት። የጎረቤቴ የውዴ ታናሽ ልጅ በዚያ ክረምት ሦስት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶላት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያኔ ቡዳ ነው ብለን አንዲት ምስኪን ሸክላ ሠሪ ስናማ ከርመናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ሽንት ቤቱ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? እሱን ማየት ነው የቀረው። ላብራቶሪ ያለበት ሀገር ውሃውን ልኮ ያስመረምራል። መስታወት ግን በኽምጣና አንድ ነገር አለችና ጥሩሐረግ ተርጉማ ነገረችን፤ «በስፌት ቀለም ብናየውስ?» የስፌት ቀለም ማለት የመሶቡን ሣር፣ አለላውን የምናቀልምበት፣ በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ገበያ የሚሸጠው ነው። ቀዩ እጅ ከነካ በሳሙናም አይለቅ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጥቅልል አመጡ። በሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይጨመራል፣ በበርሜል ውሃ ይለቀቅበታል፤ ከዚያ ከታች ያለው ውሃ ቀይ ሆኖ ከመጣ መንገዱ ታወቀ ማለት ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ይቺ ልጅ ሰውን ሳታስጠነቅቅ ቀለም አልደፋችም። ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለሀይሉ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሙከራ ልናደርግ ነው፣ ጉድጓዱ ለሁለት ሳምንት ይከደን፣ ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ይነገር ብላ። ሀይሉ መቀበሉን በግልባጩ ላይ ፈርሟል። ፊርማውን አይቼዋለሁ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል እንጂ የሱ ነው። ደብዳቤውን ኮቱ ኪስ ከተተው። በቃ! ጉድጓድ አልከደነ፣ አፉን አልከፈተ። እነጥሩሐረግ እሱ ይከድነዋል ብለው ቀለሙን ደፉ። ልጆቹ በራሳቸውም ቤት ለቤት መናገር ጀምረው ነበር፤ ጥሩሐረግ ደግሞ ቀለሙ ለመድረስ ቢያንስ ሳምንት ይፈጃል ብላ ስላሰበች አልቸኮሉም። እኔ በዚያን ሰሞን አክስቴ ሞታ ፃግብጂ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የሰማሁት ነገር የለም።

ማታ ገባሁ። በነጋታው ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን አጣፍቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ባልዲውን ሳወጣው ውሃው ቀልቷል።

ቀይ! በሰማዕቱ ቀን፣ አንገቱን በሰጠበት ቀን፣ ውሃው ቀይ! እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ምን ልበል? ተንበረከክሁ። በስመ አብ ብዬ በእፍኜ ሦስቴ ጠጣሁ። ከዚያ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እልል አልኩ። «የጊዮርጊስ ደም! ጠበል ፈለቀ!» እያልኩ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። ሞት ይርሳኝ፣ እኔ ነኝ።

ለንግሥ የወጣው ሕዝብ ሁሉ ወደኛ ጎረፈ። ጀሪካን፣ ላስቲክ፣ ቅል፣ እንስራ። አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይረጫል፣ አንዷ የታመመ ሕፃኗን ልብስ አውልቃ ታጠምቃለች። ሀይሉ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ እያለ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰው ያሰልፍ ጀመር! «ተራ ጠብቁ፣ አትጋፉ!» እያለ። ነገሩን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ፣ ያስተናግዳል!

ጥሩሐረግ ልጆቹን አስከትላ እየሮጠች ደረሰች። «አትጠጡ! ስለ እግዚአብሔር አትጠጡ! ቀለም ነው፣ ከሽንት ቤቱ የወረደ ነው!» ማን ይስማት! «መናፍቅ!» አላት አንዱ። አንዷ በጥፊ ስትላት ነጠላዋ ወደቀ። መስታወት እፊቷ ተደነቀረችና በኽምጣና ትጮኻለች። እኔ ራሴ ተቆጥቼ ነበር፤ የኔን ተአምር ቀለም ስትለው!

መሪጌታ አሥራተ ማርያም በግርግሩ መሐል መጡ። ማንንም አልተቆጡም። ባልዲውን አዩ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ታይቱ፣ እስቲ የነጠላሽን ጫፍ አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። ከጉድጓዱ ስቀዳ ነክቶት ጥለቱ ቀልቷል።

«ለፋሲካ የሰፋሽው መሶብ አለላው ምን ቀለም ነበር?»

«ቀይ ነበር፣ መሪጌታ።»

«እንደዚህ ያለ ቀይ?»

አየሁት። እኔ ዕድሜ ልኬን አለላ ያቀለምኩ ሴት! ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ከዚያ ቀለም ያልወጣ ሴት! አፈር ስሆን፣ ያው ራሱ ነው። «አዎ፣ መሪጌታ» አልኩ፤ ድምፄን ከራሴ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። «ጠበል በጸሎት ይገኛል እንጂ በገበያ ቀለም አይፈልቅም! ሰማዕቱን ከሽንት ቤት ጋር አታቀላቅሉት! ይቺ ልጅ እውነቷን ነው፤ የያዛችሁትን ድፉ!» ብለው በመቋሚያቸው መሬቱን ወጉት።

ሰው ደፋ። አንዳንዱ ጥግ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ አስመለሰ። ከዚያ ምን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ቀለሙ ሳምንት ይፈጃል የተባለው በሁለት ቀን ደረሰ፤ ከሽንት ቤት ወደ አፋችን ሁለት ቀን! ሰው ተነሥቶ ጽሕፈት ቤቱን ያንቀጠቅጣል አይደል? የለም። ያፈረ ሰው ክፉ ነው። ሁለት ዓመት ምን ስንጠጣ እንደኖርን ከማሰብ፣ ያሳየችንን ልጅ መጥላት ቀለለን። በማግስቱ በየደጁ ወሬው አንድ ነበር፤ ጥሩሐረግ ውሃ መረዘች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ሐሙስ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ኃላፊ ወረቀት ዘርግቶ አነበበ፤ የሕዝብን እምነት በመንካት፣ ከዕቅድ ውጪ ተማሪ ይዞ በመዞር፣ የመጠጥ ውሃ በመበከል። የመጠጥ ውሃ በመበከል! ቀለሙ በየት ነው የገባ? በሽንት ቤቱ። ቀለሙ በገባበት መንገድ ሌላውስ አይገባም? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ጥሩሐረግ ግልባጩን አውጥታ አሳየች። ኃላፊው አገላብጦ «ቁጥርና ማኅተም የለውም» አለና መለሰላት። ወደ ሀይሉ ዞሮ «ደብዳቤ ደርሶሃል?» ሲለው፣ ሀይሉ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ «የደረሰኝ ወረቀት ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም» አለ። እኔ ተነሣሁ። «እልል ያልኩት እኔ ነኝ! ጠበል ነው ብዬ ሰው የሰበሰብኩት እኔ ነኝ! የምትቀጡት ካጣችሁ እኔን ቅጡ! ሽንት ቤቱን ግን መቼ ነው የምታነሡት?» አልኩ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። አጀንዳው እሱ አይደለም» አለኝ ኃላፊው።

ፍርዱ ይኸው። ጥሩሐረግ እነሱ የጻፉትን ወረቀት ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ፊት ታነባለች። ወረቀቱ «ያደረግነው ሙከራ የተሳሳተ ነበር፤ የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥ ተስማሚ ነው» ይላል። ካነበበች ነገሩ ይዘጋል። ካላነበበች ዝቋላ ወረዳ፣ ከከተማው ከጽጽቃም ወዲያ በእግር የሚኬድ ቦታ ትዛወራለች። እማሆይን ማን እንደሚመራቸው ያውቃሉ፤ አውቀው ነው።

እሑድ ማታ እነሱ ቤት ነበርኩ። እማሆይ እያለቀሱ «አንብቢው ልጄ። ወረቀት ምን ይበላል? እኔ በማን እጅ እወድቃለሁ?» ይሏታል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አንብቢው አልኳት። «ልጆቹ እንደሆነ ያዩትን ያውቁታል፤ ምን ይጎድላቸዋል?»

«ማወቃቸው ነው የከፋው፣ እትዬ ታይቱ» አለችኝ። «እያወቁት እኔ ስዋሽ ካዩኝ፣ ሳይንስ ማለት እስኪያስፈራሩህ ድረስ የሚሠራ ነገር ነው ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የማስተምራቸው ምን አለ?»

ሰኞ በትምህርት ቤቱ አጥር ቆሜ ሰማሁ። ባንዲራው ወጣ። ጥሩሐረግ ወረቀቱን ይዛ መድረኩ ላይ ቆመች። «ያደረግነው ሙከራ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ርእሰ መምህሩ ከጎኗ አጉረመረመ። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ውሃው ሲቀላ በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» አለች።

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ፤ የመስታወት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ በሙሉ። መስታወት እጇን እንዳወጣች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ በሁለተኛው ቀን ነው የደረሰው!» አለች። ከኋላዋ አንዱ «ከሽንት ቤቱ እስከ ጉድጓዱ ሃያ ስምንት እርምጃ!» አለ። «ከሠላሳ አንዱ ቤት አሥራ ዘጠኙ ታሟል!» «አሥራ ዘጠኙም ከጉድጓዱ ነው የሚቀዱት!» «ከምንጭ የሚቀዳ አንድም አልታመመም!» ልጆቹ እየተቀባበሉ ይቆጥሩታል። ርእሰ መምህሩ «ዝም በሉ! ወደ ክፍል!» እያለ ይጮኻል። ማንም ተሳስቶ አልቆጠረም። እኔ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ አለቀስኩ።

የዝውውር ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን መጣ። ቁጥርም ማኅተምም ነበረው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ስትሄድ እማሆይ በር ድረስ ወጥተው ፊቷን በእጃቸው ዳበሱት። አሁን ጠዋት ኪዳን የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ጥሩሐረግ ኮረብታ ላይ ወጥታ ኔትወርክ ስታገኝ ትደውላለች። መጀመሪያ እናቷን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ጉድጓዱን። ምን እላታለሁ? እኔ ከምንጩ ነው የምቀዳ፤ ጀርባዬ ተቆረጠ፣ የምጠምቀው በግማሽ ቀነሰ። ሌላው ሰው ግን ቀለሙ ለቀቀ ሲባል ተመልሶ ባልዲውን ያዘ። ሽንት ቤቱ ስድስቱም በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

በሰኔ መግቢያ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ የብረት ሰሌዳ ተከሉ። ሰማያዊ ነው፣ በነጭ የተጻፈበት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ደስ አለኝ። ዘገዩ እንጂ ሰሙ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ መስታወትን ከቤቷ ጎትቼ አመጣኋት።

«አንብቢልኝ።»

«በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቀለም መጨመር በሕግ የተከለከለ ነው» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ እማማ።»

«ስለ ሽንት ቤቱስ?»

«ስለ ሽንት ቤቱ የለም።»

እንዲህ እያልን ውዴ ያቺን ከሞት የተረፈች ልጇን አዝላ መጣች። ባልዲውን ስባ አወጣችና ወደ ውስጥ ተመለከተች። «እፎይ፣ ዛሬስ ኩልል ብሏል፤ ቀለም የለበትም» አለችኝና ጀሪካኗን መሙላት ጀመረች። ነጥቄ መሬት ላይ ደፋሁት። ሰደበችኝ፤ እናቴንም አያቴንም አልተወች። እኔም ጀሪካኑን ይዤ የምንጩን ዳገት ተያያዝኩት። እየተሳደበች፣ ልጇን እንዳዘለች፣ ከኋላዬ መጣች።